ሎደሩ ከሄደ በኋላ ገደሉን ማን ያየዋል? ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመንገድ ጥገና የሚመለከታችሁ መስሪያ ቤቶች፣ ለኮንትራክተሮችና ለአማካሪ መሃንዲሶች፣ ለከተማና ለወረዳ አመራሮች፣ በነዚህ መንገዶች ጠዋት ማታ ለምንመላለስም ሁሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ነሐሴ ላይ ነው፣ ከሰአት 9 ሰአት ገደማ፣ ዝናቡ ካባራ ግማሽ ሰአት እንኳን አልሞላውም። ከጅማ ወጣ ብሎ መንገዱ ኮረብታውን ቆርጦ የሚያልፍበት አንድ ቦታ አለ፣ ግድግዳው 15 ሜትር ይሆናል፣ እሱ ስር በቆሎ እሸት እየጠበሱ የሚሸጡ እናት አሉ፣ ሁላችንም አዴ ነው የምንላቸው። ሚኒባሷን ዳር አስይዤ ለተሳፋሪም ለኔም በቆሎ ልገዛ ወረድኩ፣ 200 ብር ሰጠኋቸው፣ አዴ ዝርዝር ሊያመጡ ማዶ ወዳለችው ሱቅ ተሻገሩ። መጀመሪያ የሰማሁት ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ነው፣ እንደ ባቄላ ቆርቆሮ ላይ ሲፈስ አይነት፣ ወደ ኋላ ዘለልኩ፣ ከዛ አንድ ድምጽ ብቻ። ከሰል ምድጃው የለም። አዴ የሚቀመጡባት ዱካ ለሁለት ተሰንጥቃለች፣ በቆሎው አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፣ እና መሃል ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያክል ጥቁር ድንጋይ ቁጭ ብሏል፣ አንደኛው ጎኑ በእርጥብ ቀይ ጭቃ ተለቅልቋል፣ ሌላኛው ጎኑ ዝናብ አጥቦት አረንጓዴ ሽበት ይዟል። አዴ ዝርዝሩን በእጃቸው እንደያዙ መጡ፣ አዩት፣ ምንም አላሉም፣ ቁጭ አሉና ከሰሉን በእንጨት መሰብሰብ ጀመሩ።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ያንን የሚያክል የኛ ጥቁር ድንጋይ ግን 55 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከ15 ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ደግሞ መሬት የሚደርሰው በሰአት 60 ኪሎሜትር በሚያልፍ ፍጥነት ነው። ይሄ እንግዲህ ትንሹ ድንጋይ ነው።

በማግስቱ ሎደር መጣ። ጥሩ ነው፣ ፈጥኖ መምጣቱን አመሰግናለሁ ከልቤ። በ10 ደቂቃ ድንጋዩንና ተከትሎት የወረደውን አፈር ገፍቶ ግድግዳው ስር ያለው ዲች (የመንገዱ ዳር ቦይ) ውስጥ ከተተውና ሄደ፣ መንገዱ ክፍት ነው ተባለ። የመጣው ኦፕሬተርም አብሮት የነበረው ሰውም ቀና ብሎ ያየ የለም። ድንጋዩ የወጣበት ቦታ እኮ ከታች ይታያል፣ ነጣ ያለ አዲስ ቁስል ነው፣ ከሱ በላይ ደግሞ ከታች ድጋፉን ያጣ ሌላ ድንጋይ አለ፣ የመጀመሪያውን አስር እጥፍ የሚያክል። እሱ እስካሁን እዛው አለ። ዲቹም እስካሁን እንደተሞላ ነው።

እኔ ይሄን የማወራው ዝም ብዬ አይደለም። ሚኒባስ ከመያዜ በፊት 11 አመት መንገድ ፕሮጀክት ላይ ድሪለር ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ኮምፕሬሰርና ጃክ ሀመር ከዛም ትልቁን ድሪል፣ ፈንጂ የሚገባበትን ቀዳዳ የምንበሳው እኛ ነበርን። ስለዚህ የተቆረጠ ግድግዳ ሳይ እንዴት እንደተቆረጠ ይገባኛል። ቀስ ብላችሁ እያያችሁ ብትሄዱ አንዳንዱ ግድግዳ ላይ ከላይ ወደታች የተሰመረ የግማሽ ቧንቧ ምልክት ታያላችሁ፣ የድሪሉ ቀዳዳ ግማሹ ድንጋዩ ላይ ቀርቶ ማለት ነው፣ እዛ ቦታ ሰራተኛው በጥንቃቄ ሰርቷል፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ቀዳዳዎቹን አጠጋግቶ በስቶ ትንሽ ትንሽ ፈንጂ አጉርሶ መጀመሪያ እሱን አፈንድቶ ድንጋዩን እንደ ወረቀት ካጠፈው በኋላ ነው ዋናውን ያፈነዳው። ያ ምልክት የሌለበትና ድንጋዩ እንደተፈረካከሰ ዳቦ የሆነበት ቦታ ግን ዋናው ብላስት ግድግዳው ድረስ ተጠግቶ በብዙ ፈንጂ ተመቷል፣ ቶሎ ለመጨረስ፣ እና ስንጥቁ ወደ ውስጥ ሜትሮች ዘልቆ ገብቷል። መንገዱ በተመረቀ ቀን ይሄ አይታይም። የሚታየው ከአምስት ከስድስት ክረምት በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ ኮንትራክተሩ ሂሳቡን ዘግቶ ሄዷል።

ከፈንጂው በላይ ግን ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ጅማን ታውቋታላችሁ፣ በአመት 1500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፣ አፈሯ ቀይና ውሃ ጠጪ ነው፣ ከስሩ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ጥንት ከመሬት ውስጥ ፈሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ይሄ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ራሱን በራሱ ከላይ ወደታች ሰነጣጥቆ እንደተደረደረ ምሰሶ ይቆማል። ውሃው ከላይ ካለው ማሳ ወይ ከተራ ቦይ ይገባና ስንጥቁን ይሞላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው፣ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ ምን ታመጣለች ይላል። የውሃ ግፊት የሚለካው በጥልቀቱ ነው፣ ስፋቱ ለግፊቱ ለውጥ የለውም። 5 ሜትር ጥልቀት ያላት ስንጥቅ ውሃ ከሞላች ስሯ ላይ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር 5 ቶን ገደማ በሚሆን ሃይል ወደ መንገዱ ትገፋለች፣ 50 ኩንታል ማለት እኮ ነው፣ አንድ አይሱዙ ሙሉ ጭነት። ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ካገኘ ግን ያ ሁሉ ግፊት ባንዴ ይጠፋል። መውጫ ካላገኘ ዝናቡ ቢያቆምም ስንጥቁ ውስጥ ሆኖ መግፋቱን ይቀጥላል፣ ለዛ ነው ድንጋይ ዝናቡ እየዘነበ ብቻ ሳይሆን ካባራም በኋላ የሚወድቀው፣ የአዴም ምድጃ የተመታው ፀሃይ ወጥታ ነው።

ሌላው ቀዩ ንጣፍ ነው። ሁለት የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ መሃል እንደ ሳንድዊች የገባ ቀይ ለስላሳ አፈር ብዙ ቦታ አለ፣ ድሮ በሁለት የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ መካከል የቆየ አፈር ነው ከላይ የመጣው ድንጋይ የጠበሰው። ዝናብ ያንን ቀስ እያለ ይልሰዋል፣ ጥቁሩ ድንጋይ ከላይ እንደ በረንዳ ወጥቶ ይቀራል፣ እና አንድ ቀን በረንዳው ይወርዳል። ከአዴ ቦታ የወደቀው ድንጋይ አንድ ጎኑ ለምን በቀይ ጭቃ እንደተለቀለቀ አሁን ገባችሁ መሰለኝ።

ድንጋይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድንገት አይወድቅም። ይናገራል። ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ዳር ትናንት ያልነበረ ጠጠር ታገኛላችሁ፣ ገደሉ አናት ላይ ያለ ዛፍ ወደ መንገዱ መዘንበል ይጀምራል፣ ከአናቱ ኋላ ሳሩ መሃል ከመንገዱ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ይከፈታል፣ ጥርት ያለ ውሃ ይወጣበት ከነበረ ቦታ ጭቃ መውጣት ይጀምራል። በመዶሻ ስትመቱት ጤነኛ ድንጋይ እንደ ደወል ይጮሃል፣ የለቀቀ ድንጋይ ባዶ በርሜል ነው ድምጹ። ስንጥቁ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ግራና ቀኙ ላይ አንዳንድ ሚስማር ተክሎ በየሳምንቱ መሃላቸውን በሜትር ለክቶ ደብተር ላይ መጻፍ በቂ ነው። ይሄ ስንት ብር ይፈልጋል? ደብተርና ሁለት ሚስማር።

በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን ማንም አልረሳም። እዛ የተናደው በዝናብ የጠገበ አፈር ነው፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ደግሞ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ በእጃቸው ሲቆፍሩ የነበሩ ጎረቤቶች ናቸው፣ ሁለተኛው ናዳ ነው የበላቸው። እሱን ሳስብ ሎደሩ ትዝ ይለኛል። ኦፕሬተሩ ያን ቀን ግድግዳው ስር ሲሰራ ከላይ የሚያይለት ሰው አልነበረም፣ ቢያንስ አንድ ሰው ማዶ ቆሞ ፊሽካ ይዞ ወደ ላይ ማየት ነበረበት። የተናደ ቦታ ገና ያልጨረሰ ቦታ ነው። እባካችሁ ይሄን ነገ ጠዋት ጀምሩት፣ ፊሽካ ጨረታ አያስፈልገውም።

አሁን ምን ይሰራ ነው። ሰው ስለ ገደል ሲወራ ወዲያው ትልቅ ግንብ ነው የሚታየው፣ በጀት የለም ይባልና ነገሩ ይዘጋል። እኔ የምለው መጀመሪያ ከላይ ጀምሩ። ከገደሉ አናት ራቅ ብሎ ውሃውን ተቀብሎ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይቆፈር፣ ስሩ በድንጋይና በሲሚንቶ ይለበስ (ካልተለበሰ ራሱ ውሃ አስራጊ ሆኖ ነገር ያበላሻል)፣ እሱን በአካፋ የሰፈር ወጣት ይሰራዋል። ከዛ ማራገፍ። በገመድ የታሰሩ ሰልጥነው ያወቁ ሰዎች ከአናት እየወረዱ በረጅም ብረት የለቀቀውን ድንጋይ እያነቃነቁ ያወርዳሉ፣ መንገዱ ለሰአታት ይዘጋል፣ ድንጋዩ እኛ በፈለግነው ቀንና ሰአት ይወድቃል፣ በቃ። ሁልጊዜ ከላይ ወደታች ነው የሚሰራው፣ ከታች የጀመረ ሰው ራሱ ላይ ነው የሚያወርደው።

ከዛ ዲቹ። ዲች ለጎርፍ ብቻ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ፣ ከገደል ስር ያለ ዲች ድንጋይ መያዣም ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አርተር ሪቺ የሚባል በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት መንገድ ላይ የሚሰራ ባለሙያ ከገደል ላይ ድንጋይ እየለቀቀ በካሜራ እየቀረጸ ምን ያህል ስፋትና ጥልቀት ያለው ዲች ድንጋዩን እንደሚይዝ አሳይቷል፣ በኋላ ጎረቤቷ ኦሪገን ግዛት ላይ ከ11 ሺህ በላይ ድንጋይ ለቀው እንደገና ሞክረውታል። የተገኘው ነገር ቀላል ነው፣ ቀጥ ካለ ገደል የሚወድቅ ድንጋይ እግሩ ስር ነው የሚያርፈው፣ ዘንበል ካለው ግን ነጥሮ ርቆ ይሄዳል፣ ስለዚህ ዲቹ እንደ ገደሉ ከፍታና ዝንባሌ ይለካል። እኛ ጋ ያ ዲች ካለ እንኳን ወይ በራሱ በወደቀው ድንጋይ ተሞልቷል ወይ ሎደር ሞልቶታል። የተሞላ ዲች ለሚቀጥለው ድንጋይ መንጠሪያ ሰሌዳ ነው፣ ወርዶ እሱ ላይ ይመታና በቀጥታ መኪና ላይ ይመጣል። ግድግዳው ላይ እንደ ደረጃ የተተዉት ቤንቾችም ካልተጠረጉ እንደዛው ናቸው። ያንን የአዴን ዲች ማጽዳት የአንድ ሎደር የግማሽ ቀን ስራ ነው፣ የተጠረገውን ገልባጭ ጭኖት ይሂድ እንጂ እዛው አይገፋ።

ይሄ ሁሉ ተሰርቶም የማይበቃው ቦታ አለ፣ እሱን አልክድም። እዛ ገንዘብ ይወጣል። የብረት ሽቦ መረብ ከአናት ታስሮ ግድግዳው ላይ ሲለቀቅ ድንጋዩን አያስቀረውም፣ አቅፎ ቀስ አድርጎ ወደ ዲቹ ያወርደዋል፣ ለትናንሽ ድንጋይ ፍቱን ነው። ለትልቁ ደግሞ ሮክ ቦልት ነው፣ ግድግዳው ተበስቶ ብረት ይገባና ቀዳዳው በሲሚንቶ ግራውት ይሞላል፣ ጫፉ ላይ ፕሌትና ነት ይታሰራል፣ ብረቱ የለቀቀውን ድንጋይ አልፎ ጤነኛው ድንጋይ ውስጥ ገብቶ መንከስ አለበት አለዚያ ልቁን ከልቁ ጋር ነው ያሰርነው፣ ከተሰራ በኋላም ጥቂቶቹ በጃክ ተስበው መፈተሽ አለባቸው፣ ሳይሳብ የተፈረመ ቦልት አልቀበልም ብላችሁ አማካሪውን አስጨንቁት። ቀዩ ንጣፍ በሾትክሪት (በግፊት በሚረጭ ኮንክሪት) ወይ በግንብ ተሸፍኖ ከላይ ያለው በረንዳ ከስሩ ይደገፍ። አደራ የምላችሁ ግን ውሃ መውጫ ሳይተዉ በሲሚንቶ መለሰን ነው። ግድግዳው ለአይን ያምራል፣ ከኋላው ውሃው ይጠራቀምና ልስኑንም ድንጋዩንም አንድ ላይ ያወርደዋል። መጀመሪያ ወደ ውስጥ ትንሽ ሽቅብ ያለ ቀዳዳ በሱ፣ ቧንቧ ክተቱበት፣ ውሃው በራሱ ይወርዳል፣ ከዛ ልሰኑ።

አፈር ለሆነው ክፍል ሩቅ አንሂድ። የቬቲቨር ሳር በ1960ዎቹ በጅማ የምርምር ማእከል በኩል ነው ወደ ሀገራችን የገባው፣ ለቡና ማሳ ተብሎ፣ ስሩ ቀጥ ብሎ ወደታች እስከ 3 ሜትር ይወርዳል። ገበሬዎቻችን ያውቁታል። ከገደሉ አናት ያለው አፈር ላይ በመስመር ቢተከል ይይዘዋል። ድንጋይ ግን አያስርም፣ ሳር ተክለናል ተብሎ ቦልቱ እንዳይቀር። ባህር ዛፍ ስንጥቅ አፍ ላይ መትከልም ይብቃ፣ ስሩ ሲወፍር ድንጋዩን እንደ ሽብልቅ ይፈለቅቀዋል፣ ንፋስ ሲያወዛውዘው ደግሞ ይባስ።

የቱ ይቅደም ለሚለው መልስ አለ። ወደ አዲስ አበባ ሶኮሩን አልፈን ጊቤ በረሃ ስንወርድ፣ በአጋሮ ስንወጣ፣ በቦንጋ ስንሄድ የተቆረጠ ኮረብታ ሞልቷል፣ ሁሉንም ባንዴ ጠግኑ የሚል ሰው የለም። ያው ኦሪገን ያሉት ሰዎች የሰሩት የነጥብ አሰጣጥ አለ፣ እያንዳንዱን ግድግዳ በከፍታው፣ በዲቹ፣ ሹፌሩ ከምን ያህል ርቀት እንደሚያየው፣ በድንጋዩ መጠን፣ በውሃው፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደወደቀ እያዩ 3፣ 9፣ 27 ወይ 81 ይሰጡታል፣ ይደመራል፣ ብዙ ያገኘው ይቀድማል። ባለሙያ ጠፍቶም አይደለም፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች በየአመቱ ይመረቃሉ፣ ከመምህራኖቻቸው ጋር ለመመረቂያ ስራ 50 ኪሎሜትር መንገድ ቢሰጣቸው ውጤቱን ጠረጴዛችሁ ላይ ያደርሱላችኋል። አባይ በረሃ ላይ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ ሲያስቸግር ከጃፓኖች ጋር ተሆኖ መሬቱ ተቦርቡሮ ውሃው ተለክቶ ጥናት ተሰርቷል፣ ልምዱ ሀገር ውስጥ አለ ማለቴ ነው።

ጊዜውን ደግሞ አትሳቱ። ጥቅምትና ህዳር ላይ ቁስሉ ገና ትኩስ ስለሆነ ምዝገባ ይደረግ፣ ከታህሳስ እስከ የካቲት ድንጋዩ ሲደርቅ ስራው ይሰራ። ብዙ ጊዜ ያየሁት ግን ሰኔ ላይ አስቸኳይ ተብሎ ሲጀመር ነው፣ በጭቃ ላይ፣ ሰራተኛው በሚያዳልጥ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ። አሁን ጥር ነው። ቡና የጫነው መኪና በየቀኑ እዛ ስር ያልፋል። ሁለት ወር አለን።

ለኛም ለመንገድ ተጠቃሚዎቹ አንድ ነገር ልበል። ከግድግዳው ስር ለቤት መስሪያ ብላችሁ ድንጋይ የምትፈልጡ ወንድሞች፣ የምትፈልጡት የላይኛውን እግር ነው፣ ተዉት። ከላይ ማሳ ያላችሁ፣ ቦዩን ወደ ገደሉ አትልቀቁት። ሹፌሮች፣ ጎማ ለመቀየርም ሆነ ዝናብ ለማሳለፍ ግድግዳ ስር አትቁሙ፣ እኔም ያን ቀን መቆም አልነበረብኝም፣ አስራ አንድ አመት ድንጋይ በስቼ እያወቅኩት ቆምኩ፣ ከኋላ 12 ሰው ነበር።

አዴ አሁን ማዶ ተሻግረው ሱቁ አጠገብ ነው የሚጠብሱት፣ ገበያው ቀንሶባቸዋል ምክንያቱም መኪና እዛ ጋ መቆሚያ የለውም። ጥገና ላይ ያላችሁ ሰዎች ቦታውን ላሳያችሁ ዝግጁ ነኝ፣ መዶሻዬ አሁንም አለ። ከመጣችሁ ጠዋት 1 ሰአት ተኩል ላይ ኑ፣ በዛ ሰአት ፀሃይዋ ግድግዳውን በጎን ስለምትመታው ስንጥቆቹ ጥላ ይይዛሉ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ አንድ በአንድ መቁጠር ትችላላችሁ። እኔ እስከ ትልቁ ድንጋይ ድረስ ሰባት ቆጥሬያለሁ።